ሁለት በርሜል ዘይት

ሥራ የጀመርሁት በሐምሌ መጨረሻ፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የጋራዡ ግቢ ጭቃ ሆኖ ነበር። የምደባ ደብዳቤዬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በብብቴ ይዤ በሩ ላይ ቆምሁ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና «አባትሽን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። መካኒካል ኢንጂነር ነኝ ለማለት አፈርሁ። ደብዳቤውን ብቻ ዘረጋሁለት።

ከመግባቴ በፊት ጩኸት ሰማሁ። ወፍጮ ቤት የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ እህሉ አልቆ ድንጋዩ ባዶውን ሲዞር የሚያሰማው ዓይነት ነው። «ምንድን ነው?» ስለው ዘበኛው ወደ መሬት እያየ «እሱማ ሰው ያሳሰረው መኪና ነው» አለኝ።

ጋራዡ የመንግሥት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ገበሬ ማኅበራቱ ማዳበሪያና ዘር የሚያመላልሱ የጭነት መኪናዎች ይጠገኑበታል። ግድግዳው ከሚያልቅበት የጣና ደንገል ይጀምራል። የዚያን ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ አዲስ አበባ ስለ ሄዱ የተቀበለኝ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ሞገስ ነው። ፖለቲካውንም፣ የሠራተኞች ሱቅ ኮሚቴውንም የሚመራው እሱ ነበር።

«ጓዲት፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ድምፅሽ አይሰማም።»

«አዎ» አልሁ ደግሜ።

«እንግዲያው በደህና ቀን መጣሽ። ይህ የሚጮኸው መኪና በዚህ ክረምት ሁለት ፖምፓ በልቶ ሦስተኛውን ይዟል። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ፖምፓ! አንድ መኪና፣ አንድ ሾፌር፣ ሦስት ፖምፓ። ይህ የእግዜር ሥራ ነው?» አለና እግዜርን ማንሣቱ ቆጭቶት መሰለኝ፣ «የተፈጥሮ ሥራ ነው?» ብሎ አረመው።

ወደሚጮኸው መኪና ዞር አልሁ።

«አሻጥር ነው። ሾፌሩን ከቅዳሜ ጀምሮ ጥበቃ ክፍል አስቀምጠነዋል። ዛሬ ከሥራ መውጫ በኋላ ሠራተኛው ይሰበሰባል። ዘይቱ ውስጥ ምን እንደ ጨመረበት አንቺ ታስረጃለሽ። ከዚያ ለሚመለከተው ክፍል እናስረክበዋለን።»

ምን እንደ ጨመረ ነው ያለኝ፤ ጨምሮ እንደሆነ አላለም። በዚያ ዘመን ለሚመለከተው ክፍል የተላለፈን ሰው ሚስቱ ስንቅ ይዛ ከበር በር እየዞረች ታፈላልገዋለች፤ የት እንዳለ የሚነግራት ግን አይገኝም። ይህን ማንም ያውቀዋል። እኔ ገና ቱታ አልለበስሁም፤ የሰው ነፍስ በእጄ ተሰጠኝ።

ፎርማኑ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ከረዳትነት ተነሥተው በየደረጃው ያለፉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ በጎድን ኪሳቸው ካቻቢቴ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ከመካኒኮቹ ነገር የሚወደው ደምሴ ነው። ሲያየኝ በሳቅ ወደቀ።

«ኢንጂነር መጣች! ቱታ ስጧት እንጂ። ችግሩ ማጠሩ አይደለም፤ ውስጡ ገብታ እንዳትጠፋብን ነው!»

«አንተ ከምትጠፋ እሷ ብትጠፋ ይቆጨኛል» አሉት ጋሽ ወርቁ። እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፌ ለበስሁት።

ጋሽ ወርቁ ነገሩን አስረዱኝ። በግቢው ካሉት መኪናዎች የመሪ ማገዣ ያለው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ሾፌሮቹ ኢድሮጊዳ ይሉታል። ፖምፓው በሞተሩ ጉልበት እየዞረ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ መሪውን ያቀልላል። የሌሎቹ መኪናዎች መሪ በሾፌሩ ክንድ ነው የሚዞረው።

«ታዲያ ሲጮህ ምን አደረጋችሁ?» አልሁ።

«ምን ይደረጋል? ጮኸ፣ ቀየርሁት። ከዚያም ጋለ፤ ጮኸ፤ ቀየርሁት። ይህ ሦስተኛው ነው። ይኸው ይሰማሻል።»

መኪናውን ከመንካቴ በፊት ሾፌሩን ማየት ፈለግሁ። ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ሐይቁ ማየት ጀመረ፤ ፈቀድሁልሽ ማለቱ ነው። ሾፌሩ አያ ዘለቀ በጥበቃ ክፍሉ መስኮት ብቅ አሉ። ሃምሳ የተጠጉ፣ ባርኔጣቸውን በደረታቸው የያዙ ሰው ናቸው።

«የምትፈርጂብኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ያን ቃል አልጠበቅሁትም። እንደ ምንም «ጩኸቱ መቼ ጀመረ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዘይቱ ከተቀየረ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሲሞቅ ብቻ ነበር። ኋላ አንበሳሜ ከተማ ሳልደርስ መሪው ድንጋይ ይሆንብኛል። ቆሜ አበርደዋለሁ። ማዳበሪያ ሆን ብለህ አዘገየህ ያሉኝ ይህንኑ ነው። በዚያ ቁልቁለት ባልቆም ኖሮ ማዳበሪያውም እኔም ወንዝ ውስጥ ነበርን።»

«ሌላስ ያዩት ነገር አለ?»

አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። «የለም። ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ» አሉ።

ወደ መኪናው ተመለስሁ። ወጣት መካኒኮች ቅደም ተከተሉን እንዲያውቁት እንዳደረግሁት እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፖምፓውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቴ ተጫንሁት። አልላላም፣ ከልክ በላይም አልተወጠረም። ቱቦዎቹ የሚገጠሙበትን ሁሉ በጨርቅ ጠርጌ አየሁ። የሚያፈስ የለም። ከዚያ ደምሴ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። የካቻቢቴውን ጫፍ ፖምፓው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥሁ። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲያዞር ጩኸቱ ይብሳል።

«ደምሴ፣ እስከ መጨረሻው አዙረህ አትያዘው፤ ይግላል» አልሁ።

«ምን አለች? ድምፅዋን በፖስታ ትላክልን!»

«አትያዘው ብላሃለች!» ብለው ጋሽ ወርቁ ጮኹበት።

የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ሳነሣ ዘይቱ ልኩን የያዘ ነው፤ ግን እንደ ጠላ አረፋ ደፍቋል። አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ከማጠራቀሚያው ወደ ፖምፓው የሚወርደውን ወፍራም ቱቦ በእጄ ያዝሁት። ጉንጩን ወደ ውስጥ እንደሚስብ ሰው ይሰረጉዳል። ፖምፓው ዘይት እየፈለገ የሚበቃውን አያገኝም። የሚጮኸውም የሚግለውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ከላይ የዘጋው ነገር አለ።

በዚያ መካከል የምግብ ሽታ መጣብኝ። ሽንኩርት የሚቁላላበት ዘይት ይሸታል። ዞር ብዬ አየሁ። ማጀት የለም፣ ሻይ ቤቱም ከአጥር ውጭ ነው።

«ምሳ የሚሠራ ሰው አለ?» አልሁ።

«ኢንጂነሯ ራባት!» አለ ደምሴ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ቁርስ ሳልበላ ስለ ወጣሁ እውነት የራበኝ መስሎኝ ነበር።

ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ከማጠራቀሚያው ሥር የዘይቱን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ አወጣሁት። ቢጫ ሙጫ ለብሷል። በጥፍሬ ብፍቀው አይለቅም። ይህን ሙጫ አውቀዋለሁ። በትምህርት ቤት አይደለም ያወቅሁት፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ እናቴ የመጥበሻውን ጠርዝ በአመድ ስታሳሽገኝ ነው። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሽታው ከዚያ ነው የሚመጣው።

«ጋሽ ወርቁ፣ ያሽትቱልኝ።»

አሸተቱት። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አሸተቱት። ከዚያ ያላሰብሁትን አደረጉ፤ ከማጠራቀሚያው በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ኑግ ነው! በማርያም ኑግ ነው! አንበሳሜ ተወልጄ ኑግ ይጠፋኛል?» አሉ። ቀጥሎም ድምፃቸው ወረደ። «ዘይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሦስቱንም ጊዜ በእጄ ነው የሞላሁት። ከእቃ ግምጃ ቤት ነው የቀዳሁት።»

የምግብ ዘይት ሲግል ይወፍራል፣ ውሎ አድሮ ሙጫ ይሆናል። ፊልትሮውን ደፈነው፤ ፖምፓው ዘይት ሲያጣ ተቃጠለ። ፖምፓ በተቀየረ ቁጥር ያንኑ ዘይት ሞሉበት። የሚጮኸው ፖምፓው ስለሆነ ሁሉም ፖምፓውን ከሰሰ፤ ቀጥሎ ደግሞ የሚነዳውን ሰው።

ግምጃ ቤት ሮጠን ገባን። ኃላፊዋ እትየ ብርቄ ናቸው፤ የአንዲት ብሎን መግቢያና መውጫ የሚያውቁ ጥንቁቅ ሴት። ጥግ ላይ ሁለት አረንጓዴ በርሜሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። በሁለቱም ላይ በጠመኔ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ዘይት» ተብሎ ተጽፏል።

«እትየ ብርቄ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«አታነቢም እንዴ? ዘይት ነው።»

«ሁለቱም?»

«አንዱ የኢድሮጊዳው ነው፣ አንዱ የሱቃችን ነው። ባንድ ቀን፣ ባንድ መኪና ነው የመጡት። የሱቁን የኑግ መጭመቂያ ቤቱ በአሮጌ በርሜል ሞልቶ ላከው። ሱቁ ስለሚጠብ እዚህ ይቀመጥ ያለው ጓድ ሞገስ ነው።»

«የቱ የቱ ነው?»

«የተከፈተው የመኪናው። ያልተከፈተው የሱቁ ነው፤ ነገ ጠዋት የሚታደለው። ፍልሰታ ልትገባ አይደል?»

ጾም የሚባል ነገር በመሥሪያ ቤቱ አይነሣም፤ ዘይቱ ግን ሁልጊዜ ጾም ሲገባ ነበር የሚታደለው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያሰብሁት ስለ መኪናው ብቻ ነው። መኪናው ውስጥ የገባው የሱቁ ዘይት ከሆነ፣ የመኪናው ዘይት የት ነው? ያልተከፈተውን በርሜል አየሁት። አጠገቤ የነበረ ጎማ ላይ ተቀመጥሁ።

«ይክፈቱት» አልሁ። ጋሽ ወርቁም ተረድተውት ነበር። ክዳኑን በቁልፍ ፈትተው ጣታቸውን ነከሩ፣ ወደ ምላሳቸው አስጠጉት፤ ወዲያው ተፉና አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

እትየ ብርቄ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። «አራት ልጆች አሉኝ! ጠርሙሴን አጥቤ አስቀምጫለሁ እኮ! የዚህ ግቢ ሰው ሁሉ ጠርሙሱን አጥቧል!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ በሹክሹክታ «አሁን በዘለቀ ፈንታ እኔ ነኝ የምገባው» አሉኝ።

ያልጠረጠርሁት ሁለተኛው ድንጋጤ ይህ ነበር። አንዱን ሰው የማስፈታው ሌላ ሰው አስገብቼ ከሆነ ምን ሠራሁ? ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በየበርሜሉ ጠርሙስ ቀድቼ፣ የላምባ ምድጃና የሚግል ብረት አዘጋጅቼ፣ ከመኪናው ጀርባ ቆሜ የምናገረውን ስለማመድ ዋልሁ። ድምፄ ግን ከደንገሉ ነፋስ አይበልጥም ነበር።

ስብሰባው የተደረገው ጋራዡ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ጎማና ሣንቃ ላይ ተቀመጠ። አያ ዘለቀን በሁለት ጠባቂ መካከል አቆሟቸው። ጓድ ሞገስ ስለ አሻጥረኞች ረዘም ያለ ንግግር አደረገና «ጓዲት ታስረዳለች» አለ።

ቆምሁ። «ፖምፓው ዘይት አያገኝም ነበር» አልሁ።

«አይሰማም!»

አያ ዘለቀን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን በደረታቸው ይዘው እኔን እኔን ያያሉ። በሕይወቴ ጮኼ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ጮኽሁ።

«ወፍጮ እህል ሲያልቅበት ባዶውን ይጮኻል! ድንጋዩም ይግላል! ወፍጮውን ብትቀይሩት እህል ካልገባ አዲሱም ይጮኻል! ፖምፓውም እንደዚያ ነው የሆነው። ዘይቱ ሙጫ ሆኖ መንገዱን ዘጋው። ዘይቱ ደግሞ የምግብ ዘይት ነው።»

ማጉረምረም ተነሣ። አንደኛውን ጠርሙስ ከፍቼ በጋለው ብረት ላይ ጠብ አደረግሁ። የኑግ ሽታ ጋራዡን ሞላው።

«እንጀራ አምጡ!» አለ ደምሴ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ከሁለተኛው ጠርሙስ ጠብ አደረግሁ። ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ፊት ያሉት ሳሉ።

«ይህስ?» አለ ጓድ ሞገስ ዓይኑን እያሸ።

«ይህ የመኪናው ዘይት ነው። ነገ ጠዋት ለሠራተኛው ሊታደል የተቀመጠው ይህ ነው።»

ሳቁ ተቋረጠ። ከኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «ወይኔ ልጆቼን!» አለች።

ጓድ ሞገስ ብድግ አለ። «ማነው ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጠው?» ብሎ ጮኸ። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ መልሱን ያገኘው ይመስለኛል። እጁ እንደ ተዘረጋ ቀረ። ማንም ስሙን አልጠራም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እትየ ብርቄ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

የተለማመድሁትን ተናገርሁ። «ሱቁ ጠቦ ነው እዚያ የተቀመጡት። ሁለቱም ዘይት ተብለው መጡ፣ ሁለቱም ዘይት ተብሎ ተጻፈባቸው። ማንም የዋሸ የለም።»

ጓድ ሞገስ የተዘረጋ እጁን ሰበሰበ። በመጨረሻ «ስሕተት ነው፤ አሻጥር አይደለም። ሾፌሩ ወደ ሥራው ይመለስ» አለና ተቀመጠ። ስብሰባው ሲበተን አጠገቤ አለፈ። «ሚስቴ ነገ ማለዳ ሰልፍ ልትይዝ ነበር» አለኝ። ድምፁ ከእኔ ድምፅ ዝቅ ብሎ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አያ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ያን ያልነገርሁሽን ልንገርሽ? ጋቢና ውስጥ ሽሮ ሽሮ ይሸተኝ ነበር። በየመንገዱ። ለሚስቴ ብነግራት ሌላ ቤት በላህ ትለኛለች፣ ለእነሱ ብነግራቸው አብዷል ይሉኛል። ዝም አልሁ።»

ጋሽ ወርቁ ሰምተው ቁጭ ብለው ሳቁ። ሳቃቸው መጨረሻው ላይ ለቅሶ መሰለ። እኔ አልሳቅሁም። ሹም አቦ ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ ገብቼ፣ እናቴ ያስያዘችኝን ስንቅ ፈትቼ፣ መብላት አቃተኝ። ዓይኔን ስጨፍን የታጠቡ ጠርሙሶች ይታዩኝ ነበር።

በማግሥቱ ከዘበኛው ቀድሜ በሩ ላይ ደረስሁ። ቀይ ቀለምና ብሩሽ ወስጄ በአንደኛው በርሜል ላይ «የኢድሮጊዳ ዘይት፤ አይበላም» ብዬ ጻፍሁ። በሌላው ላይ «የኑግ ዘይት፤ በጋራዥ እቃ የተነካ፤ አይታደልም» ብዬ ጻፍሁ፤ ሲቀዳ የከረመው በጋራዡ የእጅ ፖምፓ ነበርና። ቀለሙ ሳይደርቅ ሴቶቹ ጠርሙስና ጀሪካን ይዘው መሰለፍ ጀመሩ። ወሬው ያልደረሳቸው ብዙ ነበሩ።

ፊት የቆመችው ነጠላዋን አጣፍታ «እኅቴ፣ ዘይት አለ?» አለችኝ።

«የቱ ዘይት?» አልኋት፤ የመጨረሻዋ ተሰላፊ እንድትሰማ አድርጌ።

ተቆጡ። ያለ ዘይት ጾሙን ምን ልንሠራ ነው ብለው ጮኹብኝ፤ እኔም እስከ መጨረሻው ቆሜ አስረዳኋቸው። ከዚያ ቱታዬን ለብሼ ከጋሽ ወርቁ ጋር የመኪናውን ቱቦዎች ማጠብ ጀመርሁ።

ለአዲስ መካኒክ የምነግረው ይህንኑ ነው። የሚጮኸውን ክፍል ከመቀየርህ በፊት የሚገባበትን ነገር እይ። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ዘይት የሚባል ነገር የለም። የሞተር ዘይት አለ፣ የማርሽ ዘይት አለ፣ የኢድሮጊዳ ዘይት አለ። ስሙን ሙሉውን ጻፈው።